የምግብ ፎቶ ስናነሳ የምንደጋግማቸው ስህተቶች፤ ከጎጃም ማዕድ

የጎጃም ማዕድ ለፎቶ የሚበቃ ሁሉ አለው። የነጭ ጤፍ እንጀራ፣ በሸክላ ድስት የሚንተከተክ ተጋቢኖ፣ ከጣና የወጣ ዓሣ ጥብስ፣ በብርሌ የተቀዳ ጠጅ። ባህር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ምግብ ሲቀርብ ከእጃችን ቀድሞ የሚዘረጋው ስልካችን ነው። ፎቶው ግን ብዙ ጊዜ ምግቡን አያክልም። ያኔ ስልኩን እንወቅሳለን፣ ወይ ፊልተር ፍለጋ እንገባለን። በእኔ እምነት ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው፤ ካሜራውን የት እናቁመው ብለን ሳናስብ ስንጫን።

ሁሉንም ምግብ ከተቀመጥንበት ማንሳት

ወንበር ላይ እንዳለን ስልኩን ደረታችን ጋ እንይዝና ቀጭ እናደርጋለን። እንጀራውም፣ ብርሌውም፣ ጀበናውም በአንድ ከፍታ ይነሳሉ። የምግብ ቅርፅ ግን ይለያያል። ጠፍጣፋ ነገር ከላይ ያምራል። የጾም በያይነቱ ከጎን ሲነሳ ምስሩ ጎመኑን ይጋርደዋል፣ ቀይ ሥሩ ከነጭራሹ ይጠፋል። ከአናቱ ቀጥ ብላችሁ ስታነሱት እያንዳንዱ ወጥ የራሱን ቦታ ይዞ ይታያል።

ቁመት ያለው ነገር ተቃራኒ ነው። ብርሌን ከላይ ካነሳችሁት የአፉ ክብ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ዝቅ በሉ። ሌንሱ ከብርሌው ሆድ ጋር እኩል ይሁን። ረዥሙ አንገት ያኔ ይወጣል። ከኋላው መስኮት ካለ ደግሞ ብርሃኑ በጠጁ ውስጥ ያልፍና ቀለሙን ያደምቀዋል።

ተጋቢኖ መሀል ላይ ነው። ከአናቱ ሲነሳ ቡናማ ክብ ይሆናል፤ ከጎን ሲነሳ ድስቱ ብቻ ይቀራል። ከጠረጴዛው 40 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስትሉ የድስቱ ጥቁር ከንፈርም፣ እየፈነዳ ያለው አረፋም፣ ጠርዝ ጠርዙን የያዘው ቅባትም አንድ ላይ ይገባሉ። ችግሩ አረፋው አይጠብቅም፤ ድስቱ ከእሳት ወርዶ ትንሽ ከቆየ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ባዶ ድስት አስቀምጡና አንግሉን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ሽሮው ሲመጣ መተካት ብቻ ነው።

ከልክ በላይ መጠጋት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ጥሩ ምግብ ያበላሻል። የብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ ሰፊ አንግል፣ ማለትም ብዙ ቦታ በአንዴ የሚያሳይ ስለሆነ ምግቡ ፍሬሙን እንዲሞላ ስንል እንጠጋለን። ፐርስፔክቲቩ፣ ማለትም የቅርቡና የሩቁ ነገር የመጠን ግንኙነት፣ የሚዛባውም እዚያ ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ አስቡ። ሌንሱ ከቅርቡ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ ከሩቁ ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። እኩል ከሆኑ ሁለት የዶሮ ወጥ እንቁላሎች ፊት ያለው ከኋላው 3 እጥፍ ገዝፎ ይወጣል። አሁን ወደኋላ ሂዱና ከቅርቡ ጠርዝ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁኑ። የሩቁ 120 ይሆናል፤ ልዩነቱም ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይወርዳል። ትሪው ዓይናችን እንደሚያውቀው ሆኖ ይታያል። የጎደለውን በዙም ሙሉት፤ 2 እጥፍ ይበቃል። ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስ እንኳ ቅርፁ ከሚዛባ ይሻላል። የነገሮቹን ግንኙነት የሚለውጠው ርቀታችሁ ነው፤ ዙም የሚያደርገው ዙሪያውን መቁረጥ ብቻ ነው።

ሳይቆራረጥ የተጠበሰ የጣና ዓሣ ላይ ሞክሩት። በጭንቅላቱ በኩል ተጠግታችሁ ካነሳችሁት ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ ጅራቱ የለም ማለት ይቻላል። በጎኑ ቆማችሁ፣ ራቅ ብላችሁ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሰዱት። ስልኩንም አግድም ያዙት።

ስልኩን ማዘንበል

ከላይ ሲነሳ ስልኩ በትንሹም ቢዘነብል ክቡ እንጀራ እንቁላል ይመስላል። ከጎን ስታነሱ ወደ ታች ካጎነበሳችሁት ደግሞ ዳርና ዳር ያሉት ብርሌዎች ይጋደማሉ። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ግሪድ፣ ማለትም ስክሪኑን የሚከፋፍሉትን ቀጫጭን መስመሮች፣ አብሩት። አንዳንድ ስልኮች ከላይ ሲነሳ ሁለት የመስቀል ምልክት ያሳያሉ፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ስልኩ ልክ ነው ማለት ነው።

የቀረበውን ሁሉ ማስገባት

እንግዳ መጥቶ ያለውን ሁሉ ማቅረብ ደንባችን ነው፤ ደስ የሚል ደንብም ነው። ወደ ፎቶ ሲሄድ ግን ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ዶሮ ወጡ፣ አይቡ፣ ሰላጣው፣ የለስላሳው ጠርሙስ፣ የናፕኪኑ ዕቃ፣ ሁሉም እኩል ይጮኻሉ። «ዛሬ የማነሳው ምንድን ነው?» ብላችሁ አንዱን ምረጡ። ዶሮ ወጡ ከሆነ አይቡ ከጎኑ ይሁን፣ የተጠቀለለ እንጀራ ይጨመር፣ ሌላው ለጊዜው ይነሳ። ሙሉውን ገበታ በሌላ ፎቶ አንሱት፤ ማንም አይከለክላችሁም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ነገር አለ። የትሪው ጠርዝ የፍሬሙን ጠርዝ ልክ እንዳይነካው። ሲነካካ ዓይን እዚያው ይያዛል። ወይ ቦታ ስጡት፣ ወይ በድፍረት ቁረጡት።

መሀልን መፍራት

«ዋናውን ነገር መሀል አታድርጉ» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ለብርሌና ለጀበና ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ከግሪዱ መስመሮች አንዱ ላይ ስታቆሟቸው ፊታቸውን ወዳዞሩበት በኩል አየር ያገኛሉ። ከላይ ለተነሳ እንጀራ ግን እኔ አልቀበለውም። ክብ ነገር መሀል ላይ ቦታው ነው።

ጥልቀት የሌለው አሰላለፍ

ከጎን ስታነሱ ዕቃዎቹን በአንድ መስመር እንደ ሰልፍ አትደርድሯቸው። አንዱ ሌላውን በጥቂቱ ይጋርደው፤ የትኛው ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ ዓይን የሚያውቀው በዚህ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማዕድ ይስሉ የነበሩ የኔዘርላንድ ሰዓሊዎች የቢላውን እጀታ ወይም የሰሃኑን ጠርዝ ከጠረጴዛው አሳልፈው ወደ ተመልካቹ ያወጡት ነበር። ጠፍጣፋው ሸራ ያን ጊዜ ጥልቀት ያገኛል። እኛም የተጠቀለለውን እንጀራ ጫፍ ከትሪው ወጣ ብናደርገው ያንኑ ይሠራል።

ከጀርባ ያለውን መርሳት

የጠረጴዛው ጠርዝ የብርሌውን አንገት ሲያቋርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግማሽ እርምጃ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ይፈታዋል። አበባ የበዛበት የጠረጴዛ ፕላስቲክም ይነሳ። የመሶቡ ስፌት ራሱ ያማረ ስለሆነ በላዩ ላይ ቀለሙ የበዛ ምግብ ሲጨመር ይጣላሉ። ነጭ እንጀራ ግን ይስማማዋል።

የተውሶ ጌጥ

ዶሮ ወጥ አጠገብ የብርቱካን ቁራጭና የማናውቀው ቅጠል ምን ይሠራል? ማስጌጥ ካስፈለገ ወጡ ከተሠራበት ውሰዱ። የቡሬ በርበሬ ዛላ፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፣ የተከፈተ ኮረሪማ። ቀለማቸው ከወጡ ጋር ዘመድ ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ሆና ማንሳት

ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 እና 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትደርሳለች፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ። በዚያ ሰዓት ደጅ የተነሳ ወጥ ላዩ ያንጸባርቃል፣ ሥሩ ይጠቁራል። የክረምት ደመና ካለ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ከሌለ ግን ምግቡን ወደ መስኮት አምጡት፣ የክፍሉን አምፖል አጥፉ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ነጭ ወረቀት አቁሙና የጠቆረውን በኩል አብሩት። ከላይ የምታነሱ ከሆነ ደግሞ መስኮቱ ከጎናችሁ ይሁን፤ ከጀርባችሁ ከሆነ የእጃችሁ ጥላ እንጀራው ላይ ያርፋል።