ጎዳና ለሚያድሩት ስታገለግሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች (እኔም ሠርቻቸዋለሁ)

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ አዲስ ልጅ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ጋር ለአገልግሎት ወጣ። ደብረ ብርሃን ነው፣ ታኅሣሥ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ልጁ ሸበጥ ተጫምቶ፣ ስስ ሹራብ ለብሶ መጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። ለነዳያን ከያዝነው ጋቢ አንዱን ደረብንለት። ሊያለብስ ወጥቶ ለብሶ ገባ።

ሳቅሁበት እንጂ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ያልሠራሁት ጥፋት የለም።

ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውርጭ ያደረበት ሣር ጠዋት ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ከብርድ ልብስ ልጀምር። አዲሶች ከላይ ጣል አድርገው ያልፋሉ። ብርዱ ግን የሚገባው ከሥር ነው፣ ከሲሚንቶው። ሁለት ሦስት ድርብ ካርቶንና አንድ ባዶ ማዳበሪያ ከሥር ከተነጠፈ ስስ ብርድ ልብስም ያሳድራል። ካርቶን ባለሱቆችን ብትጠይቁ አይከለክሏችሁም። ደረቅ መሆኑን ብቻ እዩ።

ቅማልም አለ። ማውራቱ ያሳፍራል፣ ግን ይወራ። የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው። ተስቦና ግርሻ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የሚያስተላልፈውም እሱ ነው። አሮጌው ልብስ ሳይወልቅ አዲስ ብርድ ልብስ መደረብ ለቅማሉ ቤት ማስፋት ነው። ቅያሪ ያዙ፣ አሮጌውን በፈላ ውሃ እጠቡ። ሰዎቹ ሲቀይሩ ደግሞ ፊታችሁን አዙሩ።

ፎቶ አታንሱ። አለቀ።

ሰው በረንዳ ስላደረ "አንተ" አይባልም። ሰፈራችሁ ቢሆኑ "አባባ" የምትሏቸውን እዚህም "አባባ" በሏቸው።

ለፋሲካ እኛን አትፈልጉን። የዚያን ቀን ሁሉም ሰው ምግብ ይዞ ይመጣል፣ እንጀራው እስኪሻግት ይተርፋል። ሰው የሚጠፋው የሐምሌ ማክሰኞ ነው።

ምግብ ካነሳሁ፣ አንዲት እህት በዐቢይ ጾም ጠዋት እንቁላል በዳቦ አሠርታ መጣች። ልቧ ደግ ነው። አንዲት እናት ተቀብለው መርቀው በነጠላቸው ሸፈኑት። ለካ እሳቸው ጦም ናቸው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። የሌላቸው ሰዎች አይጾሙም ያለን ማነው? ሌላ ጊዜ ደግሞ በበዓል ሥጋ ወጥ ይዘን ወጣን። ከይፋት በኩል የመጣ አንድ ልጅ "አልበላም" አለ። ከእኛ አንዱ "ርቦህ ትመርጣለህ?" ብሎ ተቆጣው። ልጁ እስላም ነው፣ የክርስቲያን እርድ አይበላም። እኛ ብንሆንስ የእስላም እርድ እንበላ ነበር? ከዚያ ወዲህ ድስታችን ሽሮና ምስር ብቻ ነው። ጿሚውም ይበላል፣ እስላሙም ይበላል፣ ወጪውም ይቀንሳል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። "እኔ ጋ ተዉት።"

ይህቺን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። አዲስ አገልጋይ ሁለት ቅዳሜ ይወጣል፣ ልቡ ይነካል፣ ከዚያ ቃል መግባት ይጀምራል። ሥራ አገኝልሃለሁ። ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ። እሁድ እመጣለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ፈተና ይደርስበታል ወይም ሠርግ ይጠራል፣ ይጠፋል። ሰውዬው ግን እሁድ ቦታውን ሳይለቅ ሲጠብቅ ይውላል። የጠበቀበትን ቀን ለምኖ አልበላበትም። ይህን አስባችሁት ታውቃላችሁ?

እኔ አላሰብኩትም ነበር። አንድ አባት መታወቂያ የለኝም አሉኝ። "እኔ ጋ ይተዉት፣ በሁለት ሳምንት" አልኳቸው። ቀበሌ ስሄድ ከለቀቁበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ ተባልኩ። የለቀቁበት ቀበሌ ሩቅ ነው፣ የሚያውቃቸውም ሰው አልተገኘም። ይህን መንገር አፈርኩ። "ልጄ፣ መጣ ወይ?" ይሉኛል፣ "እየተሠራ ነው" እላለሁ። በኋላማ በዚያ መንገድ ማለፉን ተውኩ፣ በሌላ በኩል መዞር ጀመርኩ። በመጨረሻ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አራት ጉርድ ፎቶ። ከለመኑት ላይ ቆጥበው የተነሡት ነው። "ይሄን ለማለት ነው ወሩን ሙሉ በዚያ በኩል የዞርሽው?" አሉኝ።

ስለዚህ ካልቻላችሁ "አልችልም" በሉ። ካላወቃችሁ "ጠይቄ ቅዳሜ እነግርዎታለሁ" በሉና ቅዳሜ መልሱን ይዛችሁ ኑ፣ መልሱ "አልሆነም" ቢሆንም። አንድ ሰው ብቻ ለመከታተል ውሰዱ፣ አሥር አትውሰዱ።

ከጻድቃኔ ማርያምና ከሸንኮራ ዮሐንስ ፀበል ሲመለሱ መሳፈሪያ አልቆባቸው እዚሁ የሚቀሩ አሉ። አንዳንዶቹ የኤች አይ ቪ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል። "እምነትህ ነው የሚያድንህ" ብላችሁ እንዳታባብሱት፣ "ምን ነክቶህ ነው ያቋረጥከው" ብላችሁም እንዳትጮኹ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ፀበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዳሉ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ይህን ከእናንተ ይልቅ ካህን ቢነግራቸው ይሰማሉ። ስለዚህ ቄስ ይዛችሁ ውጡ።

መሳፈሪያን በተመለከተ፣ አንድ ታዳጊ ልጅ ነበር። አዋጥተን፣ ልብስ ገዝተን፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተን ወደ አገሩ አሳፈርነው። ያለቀስንም አለን። ቤቱ ይፈልገው እንደሆነ፣ ለምን እንደወጣ የጠየቀ ግን የለም። በአራተኛው ቀን አዲሱ ጃኬት ሳይኖረው እዚያው በረንዳ ላይ ሻይ ሲጠጣ አገኘነው። እንጀራ አባቱ በር አልከፈተለትም። አሁን መጀመሪያ ስልክ እንደውላለን፣ ከቤተሰብ የሚቀበለው ሰው ድምፁን ካላሰማን ቲኬት አንቆርጥም።