የበር ሥር ዝገት፣ የኮፈን መፍዘዝ፣ የሻንሲ መበላት፦ ለጎንደር አሽከርካሪዎች ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ላይ መኪና የሚመታው ከሁለት አቅጣጫ ነው፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ጭቃ። አብዛኛው ሰው ላዩን እያሳጠበ ይዝናናል። መኪናውን የሚጨርሰው ግን የማይታየው ቦታ ነው።

የበሩ ሥር ቀለም አብጧል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ያበጠውን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ኩርሽም ካለ ላሜራው ከውስጥ አልቋል ማለት ነው።

ዝናብ በመስታወቱ ጎማ በኩል በሩ ውስጥ መግባቱ ያለ ነው። ለዚያ ተብሎ ከበሩ ሥር ውሃ ማውጫ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጣጣው በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው አቧራ በሐምሌ ውሃ ተቦክቶ ቀዳዳዎቹን ሲደፍናቸው ነው፤ ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፣ እናንተ ቀለሙ ሲያብጥ ስታዩት ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።

ያላበጠ በር ካላችሁ ዛሬውኑ ከፍታችሁ ሥሩን ዳብሱ። ቀዳዳዎቹን በቀጭን እንጨት አጽዱ። ሽቦ አይሆንም፣ የጠርዙን ቀለም ይልጠዋል።

ያበጠው ደግሞ ከላዩ ቢቀባ ገንዘብ መጣል ነው። ንጹህ ብረት እስኪታይ በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ በ180 ይለሰልሳል፣ በቲነር ይጠረጋል፣ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባል። በክረምት እርጥበት የተራቆተ ብረት ካደረ ጠዋት ቀልቶ ነው የምታገኙት። ስቱኮ፣ ማለትም ጎድጓዳውን የሚሞላው ሊጥ፣ እና ቀለም ከዚያ በኋላ ነው። ዝገቱን ሳይፍቅ ስቱኮ የሚለጥፍ ባለሙያ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ስቱኮ ራሱ እርጥበት ይስባል፣ ለዓመቱ ያው እብጠት ይመለሳል። ላሜራው ከተበሳ መቁረጥና መበየድ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ኮፈኑና ጣራው ፈዟል

ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። በነጭ ጨርቅ በፖሊሽ ሸት ሸት አድርጉ። የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው የተቃጠለው፣ በኮምፓውንድ (የተቃጠለውን በስሱ በሚፍቅ ቅባት) ይመለሳል፣ ከዚያ ሰም። እንደ እባብ ቆዳ እየተገፈፈ ከሆነ ግን ፖሊሹን ተዉት፣ ያ እንደገና መቀባት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ጠርጎ ስለሚወስደው መኪና አትጠቡበት።

ነጭ ጠባሳ

የወፍ ኩስ ነው። ዛፍ ሥር ጥላ ፈልገን እናቆማለን፣ ወፎቹም ሥራቸውን ይሠራሉ። በደረቁ አትፋቁት። እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉበትና አንሱት። ከቆየና ቀለሙን ከበላው በ2000 ቁጥር ወረቀት ከውሃ ጋር ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ከዚያ ፖሊሽ።

ሻንሲውና የጭነት አካሉ ቀልቷል

አይሱዙና ፒክአፕ ያላችሁ፣ ይሄ የእናንተ ነው። ሻንሲ ማለት መኪናው የተሸከመበት የሥር ብረት ነው። ማዳበሪያም ጨውም ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የፈሰሰው ፍርፋሪ በብሎኖቹ ሥርና በወለሉ መጋጠሚያ ገብቶ ብረቱን ይበላል። ከመጫናችሁ በፊት ሸራ አንጥፉ። ካራገፋችሁ በኋላ መጀመሪያ በደረቁ ጥረጉ፣ ቀጥሎ በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ጎኖቹን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ።

ላቫጆ ላይ ሻንሲውን ናፍጣ ማስረጨት የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። ለጥቂት ቀን ያብለጨልጫል፣ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ጎሚኒዎቹንም (ከሥር ያሉትን የጎማ ክፍሎች) ያለሰልሳቸዋል። በዚያ ብር ከሥር ያለውን ጭቃ በደንብ አሳጥቡ፤ በተለይ የፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ) የውስጥ ጠርዝ፣ እዚያ የተጋገረው ጭቃ ውጪው ደርቆም ውስጡ እርጥብ ነው። መስከረም ላይ ሲደርቅ የዛገውን ፍቃችሁ አንቲረስትና የሻንሲ ቀለም ቀቡ። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) እና ፍሬኑን ግን ቀለም አታስነኩ።

ፊት ለፊቱ በጠጠር ተነቋቁሯል

ብረቱ ሳይቀላ ከደረሳችሁ ቀላል ነው። አጽዱ፣ አድርቁ፣ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ቀለም ጠብ አድርጉ። ቀለሙን በኮዱ አስቀላቅሉ። ቶዮታ ከሆነ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ወይም በሩ ምሰሶ ላይ ያለውን ሰሌዳ እዩ፤ ለምሳሌ 040 የተለመደው ነጭ ነው። ያረጀ መኪና ቀለሙ ስለሚፈዝ ግን በኮዱም ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት።