የኩክሪ እጀታ ሲነቃነቅ፣ አፎቱ ሲጠብ

የኔፓሉ ቆልማማ ቢላ፣ ኩክሪ፣ ብረቱ ቶሎ አያስቸግርም። የሚያስቸግሩት እጀታውና አፎቱ ናቸው። እንጨት፣ ቀንድና ቆዳ አየሩ ሲለዋወጥ ያብጣሉ፣ ይኮማተራሉ።

እጀታው ይነቃነቃል

መጀመሪያ አሠራሩን ይዩ። ብረቱ በእጀታው ዙሪያ ከታየና በምስማር ከተያዘ፣ ፓናዋል የሚሉት ነው። የላላውን ምስማር በቀስታ መቀጥቀጥ ይበቃል። ብረቱ ካልታየ ግን ቀጭን ጭራው በእጀታው መሃል ገብቷል ማለት ነው። የያዘው ደግሞ ላሃ የሚባል የተፈጥሮ ሙጫ ነው።

ላሃ በሙቀት ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ኩክሪ የሚላላው ለዚህ ነው። መድኃኒቱም እዚያው ነው። ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው እጀታውን በፀጉር ማድረቂያ ለብ ያድርጉት። ከዚያ ገፋ አድርገው ያስተካክሉና እስኪቀዘቅዝ ይያዙት። አታቃጥሉት፣ ቀንድ በብዙ ሙቀት ይጣመማል። ላሃው ተፈርፍሮ ካለቀ አውጥተው ያጽዱና ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ ይለጥፉ። እስከዚያው ምንም አይቁረጡበት!

የእጀታው ቅርጻ ቅርጽ ላይ ስንጥቅ

ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ጥልቁን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል። እርጥበት ባለበት አገር የተሠራ እጀታ ኤሲ ያደረቀው ቤት ሲገባ ይኮማተራል። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት የሚሉ አሉ። አይስሟቸው፤ ሲደርቅ ብሶበት ይከፈታል። ቀጭን ሱፐር ግሉ ያስገቡ፣ የተረፈውን ወዲያው ይጥረጉ። በብርጭቆ ወረቀት ከፈተጉት ቅርጹ አብሮ ይሄዳል። የተልባ ዘይት ሲቀቡም በጣም ጥቂት ይሁን፣ አለበለዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ይሙጫል። ቅርጹ ውስጥ የተጣበቀውን አቧራ ለማውጣት የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

አፎቱ ይዞ አይለቅም

አፎቱ ሁለት የተቦረቦረ እንጨት ነው፤ ላዩ የጎሽ ቆዳ ይለብሳል። እርጥበት ሲገባው ይጠባል። ጥላ ውስጥ ለቀናት ይድረቅ። በጉልበት አይሳቡ፤ ስለቱ መጋጠሚያውን ሰንጥቆ ሊወጣ ይችላል። ሁልጊዜ አፎቱን በደንደሱ በኩል ይያዙ፣ ጣት ወደ ስለቱ ጎን አይዙር። ሲያወጡትም ደንደሱን አስደግፈው ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ሲዘቀዝቁት ከወደቀ፣ አፉ ውስጥ ስስ ቆዳ ይለጥፉ።

ብረቱ አፎቱ ውስጥ ይዝጋል

ቆዳው እርጥበት ይይዛል። የስፌት መኪና ዘይት ቀብተው ለየብቻ ያስቀምጡ። አፎቱ ላይ ናስ ካለ፣ እሱ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ነገር ከቆዳው ቅባት ነው፤ በእንጨት ስንጥር ያነሱታል።

አዲስ አፎት ካሠሩ የሌላ ኩክሪ ልክ አይስጡ። በእጅ ስለሚሠሩ የሁለት ኩክሪ ጉብጠት እምብዛም አይገጥምም። የራስዎን ብረት ወረቀት ላይ አስተኝተው ዙሪያውን ይሳሉ፣ የደንደሱንም ውፍረት ይጻፉ።