ፎርም ስትሠሩ ሰርቨሩ ላይ የማትረሷቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ ጤፍ ነጋዴ የትእዛዝ ፎርም ሠርቼ ነበር። ደንበኛው ስሙን፣ ስልኩንና የሚፈልገውን ኩንታል ሞልቶ ይልካል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነጋዴው ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ አንዱ ሰው ከዜሮ በታች አምስት ኩንታል አዟል። ልስጠው ነው ልቀበለው?»

ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ገጹ ላይ «ቁጥሩ ከ1 እንዳያንስ» የሚል ጃቫስክሪፕት (ብሮውዘሩ ውስጥ የሚሠራ ኮድ) አለ። ሰርቨሩ፣ ማለትም የተሞላውን ፎርም የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ላይ ግን ምንም የለም፤ የመጣለትን እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ ይከታል።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፦ ብሮውዘሩ አይቶታል ብሎ መተው። ጃቫስክሪፕትን ማንም ሰው ሊያጠፋው ይችላል። ከርልን በመሰለ ፕሮግራም ደግሞ ገጹን ጭራሽ ሳይከፍቱ የፈለጉትን ዳታ በቀጥታ መላክ ይቻላል። ሰርቨሩ በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ አያውቅም። ብሮውዘር ላይ የሚደረገው ፍተሻ ይቅር አልልም፤ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ የደንበኛን ጊዜ ይቆጥባል። የሚጠብቃችሁ ግን ሰርቨሩ ላይ ያለው ነው።

እዚያው ፎርም ላይ የባሰ ነገር አገኘሁ። የኩንታሉ ዋጋ በተደበቀ መስክ ከገጹ ጋር ይላክ ነበር። የተደበቀ ማለት ለዓይን እንጂ ለእጅ አይደለም፤ ቀይሮ መላክ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከደንበኛው የጤፉን ዓይነትና መጠኑን ብቻ ተቀበሉ። ዋጋውን ሰርቨሩ ራሱ ከዳታቤዝ አውጥቶ ያባዛ።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ በጣም ይበዛል። ትክክለኛውን ሰው መመለስ። ከውጭ የተቀዳ ኮድ ስም ማለት ከኤ እስከ ዜድ ያለ ፊደል ብቻ ይመስለዋል። ከቢቸና «ገብረ ማርያም» ብሎ በገዛ ፊደሉ የጻፈ ሰው «ስምዎ ትክክል አይደለም» ይባላል። ሰውን በስሙ ተሳስተሃል ማለት ከባድ ነገር ነው። ፊደሉ ቢፈቀድ እንኳ ርዝመቱ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ፊደል ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል። «ገብረ ማርያም» 7 ፊደልና አንድ ክፍተት ነው፤ በባይት ሲቆጠር ግን 22 ይሆናል። ገደቡ 20 ከሆነ ረዘመ ተብሎ ይመለሳል። ፒኤችፒ በሚባለው የሰርቨር ኮድ ቋንቋ የጽሑፍ ርዝመት የሚለካው ስትርለን (strlen) የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ፊደል ለመቁጠር ኤምቢ-ስትርለንን (mb_strlen) ተጠቀሙ። «የቤተሰብ ስም» የሚል ግዴታ መስክም አታስቀምጡ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ካስፈለገም የአያት ስም ይበቃል።

ስልክም እንዲሁ ነው። በ09 የሚጀምር ብቻ የሚቀበል ፎርም አሁንም አለ። ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ ግን 07ም አለ። አንዱ በ+251 ይጽፋል፣ ሌላው በመሃል ክፍተት ይጨምራል። ሰውየውን ከመመለስ ሰርቨሩ ክፍተቱን አውጥቶ ሁሉንም ወደ አንድ መልክ ያምጣው፣ ከዚያ ይፈትሽ። ቀን በእኛ አቆጣጠር የምትቀበሉ ከሆነም ጳጉሜን አትርሱ። በተለመደው የቀን ፍተሻ 13ኛ ወር ስለሌለ ይጥለዋል።

አንዳንዶች ደግሞ የኤስኪውኤል ጥቃትን (በፎርም በኩል ለዳታቤዙ ትእዛዝ አስርጎ ማስገባትን) ለመከላከል ብለው የአፖስትሮፍ ምልክት ያለበትን ጽሑፍ ሁሉ ይከለክላሉ። ስሙን በላቲን ሲጽፍ «ጠ»ን ለመለየት ያንን ምልክት የሚጨምር ሰው አለ፤ እሱ ምን አደረገ? መፍትሔው ሰው የጻፈውን ዳታ ከዳታቤዙ ትእዛዝ ለይቶ፣ በፓራሜትር (ለብቻው በሚተላለፍ እሴት) መላክ ነው። ፍተሻው ይህን አይተካም።

የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን በጣም ያሳዝነኛል። አንድ መስክ ስለተሳሳተ ፎርሙን ባዶ አድርጎ መመለስ። ኔትወርክ እየመጣ እየሄደ፣ በስልክ፣ አሥር መስክ የሞላ ሰው እንደገና ከዜሮ አይጀምርም፤ ትቶት ይሄዳል። «ስህተት ተፈጥሯል» ብቻ ማለትም ለማንም አይጠቅም። የጤፉ ፎርም አሁን አምስት ኩንታል ከዜሮ በታች ሲላክለት ከኩንታሉ መስክ ሥር «1 ወይም ከዚያ በላይ ያስገቡ» ይላል። ስሙና ስልኩ እንደተጻፉ ናቸው።