በስልክ ሲከፈት ወደ ጎን የሚንሸራተት ድረ ገጽ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ለኮምፒውተር ተሠርቶ የቆየ ድረ ገጽ በስልክ ሲከፈት ጽሑፉ እጅግ ደቅቆ ከታየ፣ መንስኤው ብዙ ጊዜ የቪውፖርት ሜታ ታግ (ገጹ በምን ያህል ስፋት እንደሚዘጋጅ ለብራውዘሩ የሚነግር የኮድ መስመር) አለመኖሩ ነው። ታጉ ከሌለ ብራውዘሩ ገጹን 980 ፒክስል ያህል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ያዘጋጅና አሳንሶ ያሳየዋል። ስፋቱን ዲቫይስ-ዊድዝ (የስልኩ ስክሪን ስፋት)፣ የመነሻ ስኬሉን (ማጉያ መጠኑን) 1 አድርጎ ታጉን ማስገባት ይበቃል። ማጉላትን የሚከለክለውን ዩዘር-ስኬለብል ኖ ግን ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ዓይኑ የደከመ አንባቢ አጉልቶ እንዳያነብ ያደርገዋል።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ችግር ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ገጹ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ በቀኝ በኩልም ባዶ ነጭ ቦታ ይታያል። መንስኤው ከስክሪኑ ስፋት ያለፈ ኤለመንት (እንደ ምስል ወይም ሳጥን ያለ የገጹ ክፍል) መኖሩ ሲሆን፣ ብዙዎች በጎን የተረፈውን የሚደብቀውን የሲኤስኤስ (የገጽ መልክ መወሰኛ ኮድ) ትእዛዝ ኦቨርፍሎው-ኤክስ ሂድን ጽፈው ሥራው እንዳለቀ ይቆጥሩታል። ይህ ጥፋቱን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። በዚህ መንገድ «ተስተካክሎ» ወደ እኔ የመጣ አንድ የምዝገባ ቅጽ ላይ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ከቀኙ ጠርዝ ውጭ ተቆርጦ ስለቀረ፣ ተመዝጋቢዎች ሁሉንም ሞልተው ከጨረሱ በኋላ የሚነኩት ነገር ያጡ ነበር። ትእዛዙ ገጹን በያዘው ዲቭ (ሌሎች ክፍሎችን የሚይዝ ሳጥን) ላይ ሲጻፍ ደግሞ ስቲኪ የሆነው፣ ማለትም ገጹ ሲንሸራተት ከላይ ተጣብቆ የሚቀረው፣ ራስጌ መጣበቁን ያቆማል።

ጥፋተኛውን ለማግኘት የብራውዘሩን ስፋት ወደ 360 ፒክስል ያጥብቡና ለሁሉም ኤለመንት ቀይ አውትላይን (ስፋት የማይጨምር የዙሪያ መስመር) ይስጡ። ቦርደር አይጠቀሙ፤ ራሱ ስፋት ጨምሮ ያሳስትዎታል። በዚህም ካልታየ፣ መንሸራተቱ እስኪቆም ድረስ በኢንስፔክተሩ (የገጹን ኮድ በሚያሳየው የብራውዘሩ መሣሪያ) ውስጥ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይሰርዙ። ሰው ሁሉ ትልቁን ባነር ሲጠረጥር፣ ጥፋቱ ግርጌ ላይ ባለ፣ ክፍተት በሌለው ረጅም ሊንክ ውስጥ ይገኛል፤ ለእርሱ ረጅሙን ቃል ሰብሮ ወደ ቀጣዩ መስመር የሚያወርደው ኦቨርፍሎው-ራፕ ኤኒዌር መፍትሄው ነው። ምስል ከሆነ ማክስ-ዊድዙን (ከፍተኛ ስፋቱን) 100 በመቶ፣ ሃይቱንም (ቁመቱን) አውቶ ያድርጉ፤ ሃይቱ ከተዘነጋ ቁመቱ በኮዱ የተወሰነ ምስል ወደ ቁመቱ ይለጠጣል። ሰንጠረዥ ከሆነ ለብቻው ወደ ጎን በሚንሸራተት ዲቭ ውስጥ ያስገቡት። በፍሌክስ (ሳጥኖችን ጎን ለጎን በሚደረድረው ዘዴ) ውስጥ ያለ አልጠብ ያለ ሳጥን ከሆነ ሚን-ዊድዙን (ዝቅተኛ ስፋቱን) 0 ያድርጉ። «ለሞባይል ዝግጁ» ተብለው በሚሸጡ ቴምፕሌቶች (ተዘጋጅተው የቀረቡ የገጽ ንድፎች) ውስጥ 1200 ፒክስል ተብሎ የተቸነከረ ዊድዝ ማግኘቴ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ዊድዙን ወደ ማክስ-ዊድዝ መለወጥ ብቻውን ያስተካክለው ነበር።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙም አሉ። አይፎን ላይ የጽሑፍ ሳጥን ሲነካ ገጹ በራሱ ከጎላ፣ የሳጥኑን ፎንት ቢያንስ 16 ፒክስል ያድርጉ። በ100 ቪኤች (የስክሪኑን ሙሉ ቁመት በሚወስድ መለኪያ) የተሠራ ክፍል ግርጌው በአድራሻ አሞሌው ሥር ከተደበቀ፣ አሞሌው ሲታይና ሲሰወር አብሮ በሚለዋወጠው ዲቪኤች ይተኩት። በሆቨር (የማውስ ጠቋሚ ሲያርፍበት) ብቻ የሚከፈት ሜኑ ደግሞ በጣት ሲነካም እንዲከፈት ተደርጎ እንደገና መሠራት አለበት።