በጎንደር ዙሪያ የሕፃናት ክትባት የበጎ ፈቃድ ሥራን ስለ ማደራጀት

የክትባት ሥራ ለመጀመር የሚሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጨነቁት መርፌ የሚወጋ ባለሙያ ስለ ማግኘት ነው። ይሁንና በመደበኛው አሠራር ክትባቱ ከመንግሥት በነፃ ይመጣል፤ የሚሰጡትም በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ የተመደቡ ባለሙያዎች ናቸው። የበጎ ፈቃደኛው ድርሻ ጭራሽ ያልተከተቡትንና ጀምረው ያቋረጡትን ሕፃናት ፈልጎ ማምጣት ነው። ስለዚህ ቡድኑ በቅድሚያ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ዕቅዱን ማሳወቅና የሚሠራባቸውን ቀበሌዎች አብሮ መምረጥ አለበት። ክትባት በራስ ገዝቶ ማከፋፈል ከቶ አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምዝገባ ነው። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መዝገብ የተወሰደው ዝርዝር በየጎጡ ቤት ለቤት ከሚገኘው ጋር ይመሳከራል፤ የክትባት ካርድም አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። የልደት ቀኑን በቁጥር የማታስታውስ እናት «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ተብላ ብትጠየቅ ቀኑን በቀላሉ ታቀርበዋለች።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የቀን አመራረጥ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም ለኩፍኝ በ9 እና በ15 ወሩ ስለሚከተብ፣ የአንድ ቀን ዘመቻ ፎቶግራፍ ያምር እንደ ሆነ እንጂ ብዙ አይፈይድም። በሦስቱ የመጀመሪያ ዙሮች መካከል ቢያንስ 28 ቀን ማለፍ ስላለበት፣ ክርስቲያኖች በሚበዙበት ገጠር ቀጠሮውን በየወሩ ማርያም ቀን፣ በ21፣ ማድረግ ይመከራል። ከአንዱ ማርያም እስከ ሌላው 30 ቀን ነው፣ ጳጉሜን ስትገባበት ብቻ ይረዝማል፤ እናትም ቀጠሮዋን አትረሳም፣ ገበሬውም በዕለቱ እርሻ ስለማይወጣ ሕፃኑን ይዞ ለመምጣት ይመቸዋል። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ እንዲያስታውቁ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ሙስሊሞች በሚበዙበት ሰፈር ደግሞ ኢማሙን አማክሮ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንዲነገር ማድረግና ለነዋሪው የሚመች ሌላ ቋሚ ቀን መያዝ ይሻላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ ከዚያ በፊት ከቤት ርቀው የማይሄዱ እናቶች አሉ። ሰዉ «የ45 ቀን» የሚለው የ6 ሳምንቱ ክትባት እንግዲህ በተለይ ለሴት ሕፃናት ሊዘገይ ይችላል፤ ለእነዚህ ባለሙያዋ ወደ ጎጡ ወርዳ እንድትከትብ ማመቻቸት ተገቢ ነው። እንደ ደምቢያ ባለው ሜዳማና ጭቃማ አገር በክረምት መንገድ ስለሚበላሽ፣ ክትባቱን ይዞ የሚጓዘው ሰውና መጓጓዣው አስቀድመው ሊወሰኑ ይገባል። ለቲሸርትና ለባነር የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ቢውል ይመረጣል።

ክትባቶቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለባቸው። ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ (ውኃ የረጋበት የማቀዝቀዣ ፕላስቲክ) ወዲያው ወደ ማጓጓዣ ሳጥኑ ቢገባ እንደ ፔንታቫለንት (ባለ አምስቱ ክትባት) ያሉትን ክትባቶች ወደ በረዶነት ሊለውጥና ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሲነቀነቅ በውስጡ ውኃ እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቆያል። በጠርሙሱ ላይ ባለው የሙቀት ምልክት፣ በክቡ መካከል ያለው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ነጣ ያለ መሆን ይኖርበታል፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከጠቆረ ክትባቱ አይሰጥም። የኩፍኝ ክትባት ከራሱ አምራች በመጣ ማሟሟያ ብቻ ይበጠበጣል፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይወገዳል። ይህ ሁሉ የባለሙያው ኃላፊነት ቢሆንም በጎ ፈቃደኛው ሊያውቀው ይገባል።

በዕለቱ ምዝገባውና መከተቢያው ተለይተው ይቀመጣሉ፤ የተከተበ ሕፃን ቢያንስ 15 ደቂቃ በቦታው ይቆያል። ቀላል ትኩሳት ሊመጣ እንደሚችል ለእናቲቱ ይነገራታል፤ ካልተነገራት ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለችና። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሳጥን) ይገባል፤ ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ እንዲወገድ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሳል። በዚያው ምሽት የቀሩት ስሞች ከዝርዝሩ ተለይተው፣ ለየጎጡ በጎ ፈቃደኛ ተከፋፍለው በሳምንቱ ውስጥ ቤታቸው ይጎበኛሉ፤ የዝርዝሩ አንድ ቅጂም በጤና ኬላው ይቀመጣል።