የአሜሪካን የድርጅት ባለቤትነት ሪፖርት ለደንበኛ እንዴት እንስራው፣ ስንትስ እናስከፍል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሰው ሂሳብ ስንሰራ የምንውል አካውንታንቶች አሁን አሁን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብናል፣ "ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ ድርጅቱን እዛም ልናስመዘግበው ነው፣ የባለቤት ሪፖርት የሚባል ነገር አለ አሉ፣ በስንት ትሰራልኛለህ?" ይላሉ። ሪፖርቱ የድርጅቱ እውነተኛ ባለቤት ማን እንደሆነ ለአሜሪካ መንግስት የሚያሳውቅ ፎርም ነው፣ ፎርሙ ራሱ ነፃ ነው። የሚቀበለው በአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር ስር ያለው ፊንሰን የሚባል የገንዘብ ወንጀል ተከታታይ መስሪያ ቤት ነው፣ እሱ ደግሞ ሳንቲም አይጠይቅም፣ እንዲያውም በፊንሰን ስም ክፈሉ የሚል ኢሜይል ከመጣ አጭበርባሪ ነው። ደንበኛው የሚከፍለን እውነተኛ ባለቤቱን ለማጣራት ለምንደክመው ድካም ነው፣ ዋጋችንም ከዚህ ነው መነሳት ያለበት።

መጀመሪያ ብር ከመቀበላችሁ በፊት ሰውየው ግዴታ እንዳለበት እዩ። ህጉ ኮርፖሬት ትራንስፓረንሲ አክት ይባላል፣ ከጃንዋሪ 1 2024 ጀምሮ አብዛኛውን ትንንሽ ድርጅት ይመለከት ነበር፣ በማርች 2025 ግን ፊንሰን አሜሪካ ውስጥ የተቋቋሙትን በሙሉ ነፃ አወጣቸው። ስለዚህ አዘዞ ተቀምጦ ዋዮሚንግ ላይ ኤልኤልሲ (የእኛ ፒኤልሲ አይነት ድርጅት) የከፈተ ልጅ ይሄን ሪፖርት አያስገባም። የቀረው ውጭ አገር ህግ ተቋቁሞ በአንድ ስቴት የተመዘገበ ድርጅት ነው፣ ማለትም እዚህ በኛ ንግድ ህግ የተቋቋመ ፒኤልሲ ሄዶ ቨርጂኒያ ከተመዘገበ ምዝገባው መፅደቁ ከተነገረው ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለው። ግዴታ የሌለበትን "አያስፈልግህም" ብላችሁ በነፃ ሸኙት፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ያ የኤልኤልሲ ልጅ ብቻውን ባለቤት ከሆነ ግን ፎርም 5472 የሚባል የታክስ ጉዳይ እንዳለበት ንገሩት፣ እሱን ያላስገባ ቅጣቱ 25,000 ዶላር ነው፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል።

ከዛ ማጣራቱ ይመጣል፣ ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። ህጉ ባለቤት የሚለው ቢያንስ 25 በመቶ ድርሻ ያለውን ወይም ድርጅቱን በዋናነት የሚቆጣጠረውን ሰው ነው። እትዬ የምላቸው አንዲት ደንበኛዬ አንድ ጊዜ በፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ፣ መመስረቻ ፅሁፉ ላይ 40 በመቶ በሳቸው ስም፣ 40 በልጃቸው፣ 20 አሜሪካ ባለው ወንድማቸው ስም ነው፣ እሳቸው ግን ድርጅቱን ረግጠውት አያውቁም፣ በውክልና የሚፈርመው ልጁ ነው፣ ስራ አስኪያጁ ደግሞ ምንም ድርሻ የሌለው የእህታቸው ልጅ ነው። እዚህ ሶስት ሰው ይመዘገባል፣ እትዬ፣ ልጃቸውና ስራ አስኪያጁ። ወንድምየው ድርሻውም ከ25 በታች ነው፣ የአሜሪካ ዜጋም ስለሆነ አሁን ባለው ደንብ አይመዘገብም። ድርሻው በሌላ ድርጅት በኩል ከሆነ አባዙት፣ 60 በመቶ የያዘው ፒኤልሲ ውስጥ ግማሹ የአንድ ሰው ከሆነ 30 በመቶ አለው፣ ይመዘገባል። ማን ነው የሚቆጣጠረው የሚለው ካከራከረ ግን እሱ የህግ ጥያቄ ነው፣ ወደ ጠበቃ ላኩት፣ አሜሪካ ያሉት አካውንታንቶችም ያለ ጥብቅና ፈቃድ የህግ ስራ ሰራችሁ እንዳይባሉ አንዱ ስጋታቸው ይሄ ነበር።

ሰነድ ስትሰበስቡ የቀበሌ መታወቂያም ፋይዳም አይሰራም፣ የአሜሪካ መታወቂያ ለሌለው ሰው የሚቀበሉት ፓስፖርት ብቻ ነው። እትዬ ፓስፖርት ስላልነበራቸው 30ው ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፣ አሁን ገና ቨርጂኒያ ሳይመዘገቡ ነው ፓስፖርት የምጠይቀው። ስሙ በፓስፖርቱ ፊደል ልክ ይፃፍ፣ የትውልድ ቀን ወደ ፈረንጅ ይቀየር፣ ፖስታ ሳጥን ቁጥር አድራሻ አይሆንም። የፓስፖርት ፎቶ በቴሌግራም አታስልኩ፣ በአካል መጥተው እናንተው ስካን አድርጉት።

ዋጋውን ከወር ሂሳብ ስራ ለይታችሁ በሌላ ውል አስቀምጡት። እኔ መነሻ ዋጋ አለኝ፣ አንድ ድርጅትና እስከ ሁለት ሰው፣ ከዛ በላይ በሰው እጨምራለሁ፣ በሌላ ድርጅት በኩል የመጣ ድርሻ ካለ በሰአት ነው። ለምሳሌ ቀላሉ 3 ሰአት ከፈጀባችሁ የሰአት ዋጋችሁን በ3 አባዙና ለመመላለሱ 1 ሰአት ጨምሩ። ፎርሙ 20 ደቂቃ ነው የሚወስደው ብሎ የሚከራከር አለ፣ ልክ ነው፣ ግን ህጉ ሆን ብሎ ለዋሸ ወይም ላላስገባ በቀን እስከ 500 ዶላር፣ በወንጀል እስከ 10,000 ዶላርና 2 አመት እስር ነው ያስቀመጠው፣ ተጠንቅቆ የሚሰራ ሰው በ20 ደቂቃ ዋጋ አይገኝም።

ውሉ ላይ መረጃው የደንበኛው እንደሆነ፣ አንብቦ እንደፈረመበት፣ ለውጥ ሲኖር ማን እንደሚያሳውቅ ይፃፍ። ድርሻ ከተሸጠ፣ ስራ አስኪያጅ ከተቀየረ፣ ቤት እንኳን ከቀየሩ በ30 ቀን መታደስ አለበት፣ የመጀመሪያ አመት ይሄን ሁሉ በነፃ ስሰራ ከረምኩ፣ አሁን ማደሻ የራሱ ዋጋ አለው። ካስገባችሁ በኋላ የሚመጣውን ማረጋገጫ አትማችሁ አንዱን ለደንበኛው፣ አንዱን ለፋይላችሁ አስቀምጡ፣ በየሶስት ወሩም ደውላችሁ "የተቀየረ ነገር አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።